ጎማው ሳይፈነዳ እንነጋገር

በዚህ ቡሌቲን ላይ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ አፈር ጥበቃ ብዙ ተጽፏል፡፡ ስለ ሞተር ሳይክል ጎማ ግን ሲጻፍ አላየሁም፡፡ «ምን አገናኘው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ፡፡ ነገር ግን ብዙዎቻችን ተመርቀን ወረዳ ግብርና ስንመደብ ከወንበርና ከጠረጴዛ ቀጥሎ የምንረከበው ንብረት ሞተር ሳይክል ነው፡፡ ከአምባ ጊዮርጊስ፣ ከዳባት ወይም ከደባርቅ ተነስቶ ወደ ቀበሌ የሚወጣ ባለሙያ ሕይወቱ የተንጠለጠለው ሁለቱ ጎማዎች መሬት በሚነኩበት፣ መዳፍ በምታክል ቦታ ላይ ነው፡፡ ስለዚህ ጎማ መቼ እንደሚለወጥ ማወቅ የጎሚስታ ሥራ ብቻ ሳይሆን የእኛም ትምህርት ነው ባይ ነኝ፡፡

ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት አንድ ወረዳ ይህንኑ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ «ገና አልፈነዳም እኮ!» የሚል ነበር፡፡ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፡፡ ጎማ ሲያልቅ አይናገርም፡፡ ጥርሱ ያለቀ ጎማ በበጋ በደረቅ አስፋልት ላይ ደህና ነው የሚሄደው፡፡ የጥርሱ ዋና ሥራ ውሃውን በቦዮቹ በኩል ማስወጣትና ጭቃውን መንከስ ስለሆነ በሚያዝያ ያላየነውን ጉድለት ሐምሌ ያሳየናል፡፡ የሚያሳየን ደግሞ በወገራ ዋልካ ላይ ወይም በሊማሊሞ ቁልቁለት ፍሬን ስንይዝ ነው፡፡ ያ ለመማር ጥሩ ቦታ አይደለም፡፡

ታዲያ ምን እንይ? አንደኛ፣ በቦዮቹ ውስጥ አነስተኛ ጉብታ አለች፡፡ ቦታዋን በጎማው ጠርዝ ላይ ያለ ሦስት ማዕዘን ወይም ቲ ደብሊዩ አይ የሚሉ የላቲን ፊደላት ያመለክታሉ፡፡ በብዙ የሞተር ጎማዎች ላይ ከፍታዋ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፡፡ ጥርሱ ከጉብታዋ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል፤ ክርክር የለውም፡፡ ለጭቃ መንገድ ግን እስከዚያ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የጥርሱ ጠርዝ ከተድቦለቦለ ዋልካውን መንከስ አቁሟል፡፡

ሁለተኛ፣ ጎኑን እንይ፡፡ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ሲቆም ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፡፡ እንዲህ ያለ ጎማ ጥርስ ቢኖረውም አይታመንም፡፡

ሦስተኛ፣ ዕድሜውን እናንብብ፡፡ በጎኑ ላይ ዲ ኦ ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግራሉ፡፡ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፡፡ 3517 የሚለውን አይቶ «የ2017 ነው፣ አዲስ ነው» የሚል ይኖራል፡፡ ቁጥሩ ግን የፈረንጅ ነው፤ ጎማው የተሠራው በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ነው ማለት ነው፡፡ የስምንት ዓመት ልዩነት ቀላል አይደለም፡፡

ሌላም አለ፡፡ የኋላው ጎማ የሞተሩን ጉልበት ስለሚሸከም ብዙ ጊዜ ፈጥኖ ያልቃል፤ እሱን ለውጦ የፊቱን የሚረሳ ብዙ ነው፡፡ የኋላው ቢንሸራተት አንዳንዴ ማስተካከል ይቻላል፡፡ የፊቱ ሲንሸራተት ግን ነጂው ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ከወደቀ በኋላ ነው፡፡

«ይህ ሁሉ ጥሩ፣ ገንዘቡስ?» ትሉኝ ይሆናል፡፡ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፡፡ ጎማ ውድ ነው፣ የመንግሥት ግዢም ጊዜ ይወስዳል፡፡ ለእኔ ግን ይህ ለመዘግየት ሳይሆን ለመቅደም ምክንያት ነው፡፡ የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ይዘጋል፤ አዲሱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፡፡ ዝናቡ የሚበረታው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ ነው፡፡ ጥያቄው ጎማው ሲንሸራተት ከቀረበ አሮጌው በጀት ተዘግቶ አዲሱ ገና ሳይለቀቅ መሃል ላይ ይወድቃል፤ ባለሙያው ክረምቱን በመላጣ ጎማ ይገፋዋል ማለት ነው፡፡ ስለዚህ ምርመራው በመጋቢት፣ ጥያቄው በሚያዝያ፣ ቅያሬው ከሰኔ በፊት መሆን አለበት፡፡

ሁለት ነገር ሐሳብ ላቅርብ፡፡ ሞተር ስንረከብ በርክክቡ ቅጽ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ጎማዎች ጥርስና ዕድሜ ይጻፍ፡፡ አለበለዚያ ነጂው ያለቀ ጎማ ተረክቦ በኋላ «አንተ ነህ የጨረስከው» ይባላል፡፡ ዲፓርትመንታችንም ለተግባር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት ግማሽ ቀን ሰጥቶ አንድ ልምድ ያለው ጎሚስታ ቢጋብዝልን ብዙ ወጪ አይጠይቅም፡፡ አርሶ አደሩን «ዘርህን ዝናብ ሳይመጣ አዘጋጅ» የምንል ሰዎች ጎማችንን ዝናብ እስኪመጣ ብናቆይ ምክራችንን ማን ይሰማናል?

ቸር ይግጠመን!