«ስልክህን ለምን አጠፋኸው?»

ሚስት ደጋግማ ትደውላለች፤ «ማግኘት አይቻልም» የሚል ድምፅ ይመልስላታል። ማታ ባል ሲገባ «ስልክህን ለምን አጠፋኸው?» ትለዋለች። «ኧረ እኔ አላጠፋሁም!» ይላል። ታዲያ ማን ዋሸ? ምናልባት ማንም አልዋሸም። ለዛሬ ከዚህ ጭቅጭቅ ጀርባ ያሉ ጥቂት የሞባይል ቃላትን እንመልከት።

ሴል፦ የሞባይል አገልግሎት የሚሰጥበት አካባቢ በትናንሽ ክልሎች ይከፋፈላል። እያንዳንዱ ክልል ሴል ይባላል፤ የራሱ አንቴናም አለው። ስልካችሁ የሚገናኘው ከዚያ አንቴና ጋር እንጂ በቀጥታ ከደዋዩ ስልክ ጋር አይደለም።

ሃንድኦቨር፦ በታክሲ እየሄዳችሁ ስታወሩ ጥሪው ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው ይተላለፋል። ቀጣዩ ሴል በጥሪ ከተሞላ ወይም ሞገዱ ደካማ ከሆነ ወሬው መሃል ላይ ይቋረጣል። ጆሮዋ ላይ ዘጋባት ማለት አይደለም።

ከቨሬጅ፦ የአንቴናው ሞገድ የሚደርስበት ስፍራ ነው። ምድር ቤት፣ አሳንሰርና ወፍራም ግድግዳ ያለው ሕንፃ ውስጥ ሞገዱ ይደክማል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። ስልኩ እየሠራ እንኳ ደዋዩ እንደ ተዘጋ ስልክ ያለ መልስ ሊሰማ ይችላል።

ኤስኤምኤስ፦ የጽሑፍ መልእክት በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ መልእክት ማዕከል ነው። የተቀባዩ ስልክ ካልተገኘ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ የተላከ «ዛሬ አመሻለሁ» የሚል መልእክት ከማምሸቱ በኋላ ሊደርስ ይችላል። አንድ መልእክት በእንግሊዝኛ ፊደል 160፣ በእኛ ፊደል ግን 70 ሆሄያት ብቻ ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ አሳጥራችሁ ጻፉ።

እንግዲህ ባለትዳሮች ሆይ፣ ስልክ እንቢ ሲል ለቁጣ አትቸኩሉ፤ አስቀድማችሁ «የት ነበርክ? የት ነበርሽ?» ብላችሁ በፍቅር ጠይቁ። ሞገድ ወደማይደርስበት ስፍራ የምትሄዱም ከመግባታችሁ በፊት «ለአንድ ሰዓት ላልገኝ እችላለሁ» ብላችሁ ላኩ።

ሆን ብሎ ስልኩን አጥፍቶ በኔትወርክ የሚያመካኝ ካለ ግን፣ ያ የአንቴና ችግር አይደለም። እሱን የሚያቃናው ግልጽ ንግግር ብቻ ነው።