የዓይናችን ወርቅ ከማን እጅ ወጣ?

እህት ወንድሞች! ለዒድ የምንቀባው ወርቃማ አይሻዶ አብዛኛውን ጊዜ ወርቅ የለበትም። የሚያብለጨልጨው ማይካ የሚባል ማዕድን ነው፤ በታይታኒየም ዳይኦክሳይድና በብረት ኦክሳይድ ተለብጦ ወርቅ ይመስላል። በህንድ ጃርካንድና ቢሃር ሕፃናት ሳይቀሩ ከጠባብ ጉድጓድ ይለቅሙታል። ቶምሰን ሮይተርስ ፋውንዴሽን በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ምርመራ፣ በሁለት ወር ብቻ ቢያንስ 7 ሕፃናት እዚያ ሞተዋል።

እኛስ? «ሜካፕ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?» እያልን ስንጨቃጨቅ እንውላለን፤ የእነዚያን ሕፃናት ሐቅ ግን አናነሳም። እህቶቻችን ላይ ጣት መቀሰር ይቀለናል፤ ነጋዴውን መጠየቅ ይከብደናል።

ማሸጊያው ላይ «ሲአይ 77019» ካለ ማይካ ነው። ከየት እንደመጣ እንጠይቅ፤ ሰው ሠራሽ ማይካም አለ። መዋብን አልተቃወምንም። የሰው ሐቅ ያለበት ውበት ግን አያምርብንም!