እናት ስትሞት ሕፃኑን ማን ያሳድግ? የአባት መብትና የአያቶች ድርሻ በሕግ ዓይን

በሰቆጣ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት የዋግ ኽምራ ደጋማ ቀበሌዎች አንዲት እናት ልጅ ትታ ስትሞት፣ የሕፃኑ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው ከቀብር እስከ አርባ ባሉት ቀናት ውስጥ በቤተ ዘመድ ሸንጎ ነው። አባት ለሥራ ርቆ ከሄደ፣ ወይም ብቻውን ሕፃን ማሳደግ ይከብደዋል ተብሎ ከታሰበ፣ ልጁ «ለጊዜው» በእናቱ ወላጆች ዘንድ እንዲቆይ ይደረጋል። ይህ በቅንነት የሚደረግና ብዙ ሕፃናትን ከጎዳና የታደገ ነባር ልማድ ነው። ክርክር የሚነሣው «ለጊዜው» የተባለው ዓመታት ሲያስቆጥር፣ አባት «ልጄን ስጡኝ» ሲል፣ አያቶችም «ያሳደግነውን አንሰጥም» ሲሉ ነው።

አካባቢው በተደጋጋሚ ድርቅ የሚጠቃ መሆኑ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው ጦርነት ብዙ ቤተሰቦችን ከቀያቸው ማፈናቀሉ፣ እንዲሁም አባወራዎች ለሰሊጥ አጨዳና ለሌላ የቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ አቅጣጫ መጓዛቸው እንዲህ ያለ መለያየትን ያበዛል። በመሆኑም አባትም ሆኑ አያቶች ሕጉ ለማን ምን እንደሚሰጥ፣ ከማንስ ምን እንደሚጠይቅ አስቀድመው ማወቃቸው ጠቃሚ ነው።

የአባት መብት ከየት ይመነጫል?

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ የሚነሡ የቤተሰብ ክርክሮች የሚዳኙት በአማራ ብሔራዊ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ተፈጻሚ የሆነው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። የሁለቱም መነሻ መርሕ ተመሳሳይ ነው፤ አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ አሳዳሪና ሞግዚት የሚሆኑት አባትና እናት በጋራ ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ኃላፊነቱ በሕይወት ባለው ወላጅ ላይ ያርፋል። ስለዚህ እናት በሞተች ጊዜ አባት ከአያቶች፣ ከአጎትና ከአክስት ቅድሚያ አለው። ቤተ ዘመድ ሕፃኑን ለአያቶች መስጠቱ ብቻውን ይህን የአባት ቦታ አያስቀረውም።

ሆኖም አባትነቱ በሕግ የታወቀ ሊሆን ይገባል። አባትነት የሚታወቀው ልጁ በጋብቻ ውስጥ በመወለዱ፣ አባት ልጁን በሕግ በተደነገገው ሥርዓት በመቀበሉ፣ ወይም በፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ሰው ሁሉ «የእገሌ ልጅ ነው» ማለቱ በክርክር ጊዜ ብዙ ምስክር ያስቆጥራል እንጂ ነገሩን አያሳጥርም። በወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በተከሰተ በ90 ቀናት ውስጥ፣ ሞት ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። የልጁ የልደት የምስክር ወረቀትና የእናት የሞት የምስክር ወረቀት በአንድ ላይ ሲገኙ አባት ግማሹን መንገድ ተጉዟል ማለት ይቻላል።

ቅድሚያ ማለት ባለቤትነት አይደለም

የሕጉ ሁለተኛ ገጽ ብዙ አባቶች የማያስተውሉት ነው። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱ የተጻፈው በሕፃኑ ስም ነው። የዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 2 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ ፍርድ ቤቶችም ሆኑ የአስተዳደር አካላት የሕፃኑን ደኅንነት በቀደምትነት እንዲያስቡ ያዛል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 10/1984 ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 3 ይህንኑ ያጸናል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ ሕፃኑ ሐሳብ ለመስጠት የደረሰ ከሆነ እንዲደመጥ ያዛል። ሀገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው።

ሁለቱ መርሖች ሲጋጩ የቱ እንደሚያሸንፍ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ጥቅምት 26 ቀን 2000 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ አመልክቷል። ጉዳዩ የተነሣው በቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሲሆን፣ ተከራካሪዎቹ ልጁን ለዓመታት ያሳደገች አክስትና ወላጅ አባት ነበሩ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች በሕይወት ያለው ወላጅ ቅድሚያ አለው የሚለውን የቤተሰብ ሕግ ድንጋጌ ተከትለው ለአባት ወሰኑ። ሰበር ሰሚው ችሎት ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 እና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን አንቀጽ 3 ጠቅሶ ውሳኔውን ሻረ። ድንጋጌው ከሕፃኑ ጥቅም ተነጥሎ በደረቁ ሊተረጎም እንደማይገባም አስረዳ።

ሰበር ሰሚው ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። በመሆኑም ክርክሩ ከአክስት ጋር ሳይሆን ከአያቶች ጋር ቢሆንም፣ ክርክሩም በሰቆጣ ቢካሄድ፣ ዳኛው የሚይዘው ሚዛን ያው ነው። ውሳኔው አባቶችን መብት የሚያሳጣ ተደርጎ መታየት የለበትም። ትርጉሙ የአባት ቅድሚያ እንደ መነሻ እንደሚያዝና ከልጁ ጥቅም ጋር የሚጋጭ ሆኖ ሲገኝ ግን ወደ ኋላ እንደሚል ነው። ልጁን በየጊዜው የጠየቀ፣ አቅሙ በፈቀደ መጠን ቀለብና ልብስ የላከ፣ በትምህርቱና በሕመሙ ጊዜ የተገኘ አባት፣ ርቆ በመሥራቱ ብቻ የተሻለ ተከራካሪ መሆኑ አይቀርም። ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ፣ ልጁ እናቱን ሲወርስ ወይም ለሥራ ሲደርስ ብቅ ያለ አባት ግን መጀመሪያ መመለስ ያለበት «እስካሁን የት ነበርክ?» የሚለውን ጥያቄ ነው።

የአያቶች ቦታ

በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አያቶች በሕግ የአሳዳሪነት ተራ የሚደርሳቸው እናትም አባትም ሲሞቱ ወይም ኃላፊነቱን ለመወጣት በማይችሉበት ጊዜ ነው፤ ወላጅ በኑዛዜ ሌላ ሰው ያልሰየመ ከሆነ ከዘመዶች መካከል ቀዳሚዎቹ እነርሱ ናቸው። አባት በሕይወት እያለ አያቶች ልጁን ይዘው ለመቀጠል የሚፈልጉ ከሆነ፣ ልጁ ከእጃቸው መውጣቱ ለምን እንደሚጎዳው ማስረዳት ይጠበቅባቸዋል። «የልጃችን ማስታወሻ ነው» ማለት ሐዘንን ይገልጻል እንጂ የሕግ ምክንያት አይሆንም። አባት ልጁን መተዉ፣ ማንገላታቱ፣ ወይም ልጁ በአያቶቹ ቤት ሥር ሰድዶ ትምህርቱን በሰላም እየተከታተለ መሆኑ ግን የሚመዘን ፍሬ ነገር ነው።

በሌላ በኩል ልጁ ወደ አባቱ ቢሄድም የእናቱ ወገን አይቆረጥበትም። ተከራካሪዎች ልጁ አያቶቹን በበዓላትና በትምህርት ዕረፍት የሚያይበት ሁኔታ እንዲወሰን መጠየቅ ይችላሉ። እናቱን ላጣ ሕፃን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የልጁ አስተዳደግና የልጁ ንብረት

ሕጉ ሁለት ኃላፊነቶችን ይለያል። አሳዳሪ የልጁን ኑሮ፣ ጤናና ትምህርት ይከታተላል፤ ሞግዚት ደግሞ ንብረቱን ያስተዳድራል። በገጠር ቀበሌዎች የክርክሩ ሥር ብዙ ጊዜ ከእናት የቀረው የእርሻ መሬትና ከብት በመሆኑ ልዩነቱ ሊስተዋል ይገባል። ለልጁ የተላለፈ መሬትም ሆነ ከብት የልጁ ነው። የመሬቱን ደብተር የያዘ አያትም ሆነ ልጁን የወሰደ አባት ንብረቱን የሚያስተዳድረው ለልጁ ጥቅም ብቻ ነው፤ ለራሱ ያዋለው ሰው ይጠየቅበታል።

ወደ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊትና በኋላ

የሀገር ሽማግሌዎች ሽምግልና በዋግ ኽምራ የተከበረ ሥርዓት ነው፤ ወገኖቹ ከተስማሙም ልጁን ከረጅም ክርክር ያድናል። ይሁን እንጂ ስምምነቱ በጽሑፍ መስፈሩ፣ ልጁ የት እንደሚኖር፣ ወጪው በማን እንደሚሸፈንና አባት በየስንት ጊዜው እንደሚጠይቀው በግልጽ መናገሩ፣ በፍርድ ቤት ቀርቦም መጽደቁ ያስፈልጋል። በቃል ብቻ የቀረ ስምምነት ሽማግሌው ሲሞት አብሮ ይሞታል።

ስምምነት ከጠፋ አባት አቤቱታውን ለወረዳ ፍርድ ቤት ያቀርባል። ከልደትና ከሞት የምስክር ወረቀቶች በተጨማሪ የጋብቻ ማስረጃ፣ ለልጁ ገንዘብ የላከበት የባንክ ደረሰኝ፣ ከትምህርት ቤትና ከጤና ተቋም የተገኘ ማስረጃ፣ እንዲሁም የሚያውቁት ምስክሮች ይረዱታል። የፍርድ ቤት ክፍያ ለመፈጸም አቅም የሌለው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል። በኽምጣና ቋንቋ የተሻለ ሐሳቡን የሚገልጽ ተከራካሪም ይህንኑ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ለችሎቱ ቢያሳውቅ ይጠቅመዋል። የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ምክር ለማግኘትና የልጁን የኑሮ ሁኔታ ለማስረዳት የሚቀርብ የመንግሥት በር ነው።

በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን በ60 ቀናት ውስጥ ይግባኝ ማለት ይችላል። የልጁ ሁኔታ ከተለወጠም ጉዳዩ ዳግም ሊታይ ስለሚችል አንድ ጊዜ የተሰጠ ውሳኔ የልጁን ዕጣ ለዘለዓለም አይዘጋም።

ከሁሉም በላይ ልጁን ከትምህርት ቤት ደጃፍ ወይም ከአያቶቹ ግቢ በኃይል መውሰድ፣ በአያቶች በኩልም ልጁን ወደ ሌላ ቀበሌ ማሸሽ፣ መብት ያለውን ወገን እንኳ በወንጀል ሊያስጠይቅና በፍርድ ቤት ዘንድ ሊያስወቅሰው የሚችል ድርጊት ነው። አባት ልጁን ለማሳደግ ያለው መብት የሚጠነክረው በጉልበቱ ሳይሆን ከልጁ ጋር ባለው ቆይታ ነው። ልጁን ዛሬ ከአያቶቹ ዘንድ ለመውሰድ የማይችል አባት እንኳ ልደቱን ማስመዝገብ፣ አቅሙ የፈቀደውን በደረሰኝ መላክና በየጊዜው ሄዶ መጠየቅ አይሳነውም። ነገ ጉዳዩ በዳኛ ፊት ቢቀርብ ስለ አባትነቱ የሚናገሩለት እነዚህ ናቸው።