ጀግንነቱ ከማማው መውረዱ ነው
«እንደ ማሽላ ጠባቂ ማማ ላይ ተሰቅሎ አጋዘን መግደል ምን ወንድነት ነው?» ይሉኛል ዴንቨር ያሉ ወዳጆቼ። ወንድነት ነው ያለ ማነው?

የኮሎራዶው ወንድ ኤልክ 300 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ቀስት ደግሞ እንደ ጥይት አይደለም፤ የሚገድለው ሳንባ በስቶ ደም በማፍሰስ ነው። ስለዚህ ቅርበት ይሻል፤ እንስሳው ሳይደነብር ጎኑን እስኪሰጥ መታገሥንም ይሻል። የዛፍ ላይ ማማው ጥቅሙ ይኸው ነው። በእግሩ ተከታትሎ ከ80 ሜትር የሚወረውረው «ጀግና»ስ? ቀስቱ እስኪደርስ አንድ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። በዚያች ሴኮንድ ኤልኩ አንድ እርምጃ ከተራመደ ለሳንባ የታለመው ሆድ ዕቃ ይገባል። እንስሳው ጫካ ገብቶ ሲማቅቅ ያድራል፤ ፉከራው ግን ከተማ ይደርሳል።

እኔ ማማ መውጣትን አልነቅፍም። የምነቅፈው «ባዶ እጄን አልመለስም» ማለትን ነው። ዓይን ሲይዝ፣ ኤልኩም ጀርባውን ሲሰጥ፣ ደጋኑን አላልቶ የወረደ፣ አዳኝ ማለት እሱ ነው።