ወተት ሳንባ አያጥብም

በብዙ የብየዳ ቤቶች አንድ የቆየ ልማድ አለ። በያጁ ቀኑን ሙሉ ጭስ ሲምግ ይውልና ማታ ወተት ይጠጣል። አንዳንዱ አሠሪም በየወሩ የወተት ይከፍላል። "ጭሱን ያጥባል" ይባላል። አሠሪው ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል፣ ሠራተኛውም ራሱን የጠበቀ።

ወተት ግን የሚወርደው ወደ ሆድ ነው፤ ጭሱ የሚገባው ወደ ሳንባ። ጉሮሮ ላይ ተለያይተው ዳግም አይገናኙም።

የብየዳ ጭስ በሙቀት የተነነ ብረት አየር ላይ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር እጅግ ደቃቅ ብናኝ ነው። አፍ ላይ የታሰረ ሻሽ አያስቀረውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳ ጭስን ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ጋር መድቦታል። ትምባሆም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው።

ካንሰር ዓመታት ይፈጃል። ቶሎ የሚመጣው ሌላ ነው። ዚንክ የተለበጠ (ጋልቫናይዝድ) ቱቦ ወይም ላሜራ ሲበይድ የዋለ ሰው ማታ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ሰውነቱን ይቆረጥመዋል፣ አፉን ብረት ብረት ይለዋል። አንዱ ጉንፋን፣ ሌላው ወባ ይለዋል። በአንድ ሁለት ቀን ግን በራሱ ጊዜ ይተወዋል። በመሀል ወተት ስለጠጣ ያዳነው ወተቱ ይመስለዋል። ልማዱ ሥር የሰደደው እንዲህ ነው፤ ሕመሙ ራሱ ይሄዳል፣ ምስጋናውን ወተት ይወስዳል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያዛል፤ ከሥራ የሚመጣ በሽታንም በሥራ ላይ ከሚደርስ ጉዳት ይቆጥረዋል። የወተት አበል ይህን ግዴታ አይተካም።

"ጭምብል ውድ ነው" የሚል አይጠፋም። የአንድ ወር የወተት ወጪ ይደመርና ከጭምብል ዋጋ ጋር ይተያይ። ምንም ወጪ የሌለውም አለ፤ ደጅ ወይም በር ተከፍቶ መበየድ፣ ጭሱ በሚወጣበት አቅጣጫ አለማጎንበስ፣ ብረት ደግፎ የሚይዘውን ረዳት ከጭሱ ገለል ማድረግ። ጥቁሩ መነጽር ዓይንን እንጂ ሳንባን አይጠብቅም፤ ለሳንባ ቢያንስ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ኤን 95 ያስፈልጋል። ሳል የያዘው በያጅም ሐኪም ባይጠይቀው እንኳ ሥራውን ይናገር።

ወተቱ ይጠጣ፤ ምግብ ነው። በጭምብል ፋንታ ግን አይሰጥ።