ፈረስና በቅሎ፤ ስለ አዲሲቱ የኤሌክትሪክ ስኩተር የታዘብነው

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ነገር በየቤቱ መነጋገሪያ ሆኗል። መኪና ለመግዛት ዐቅሙ ያልፈቀደለት ቤተ ሰብም ዐይኑን የሚጥለው ባለ ሁለት ጐማ በሆኑት ላይ ነው። እኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ካለን ቈይቷል፤ ሰሞኑን ግን አንድ ወዳጃችን አዲስ የኤሌክትሪክ ስኩተር ገዝቶ ለአንድ ሳምንት ስላዋሰን፥ የታዘብነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

ስኩተር ከሞተር ሳይክል የምትለየው በአካሏ ነው። ሞተር ሳይክል የሚነዳ ሰው እንደ ፈረሰኛ እግሩን አሻግሮ ይቀመጣል። ስኩተር ግን በመሪዋና በመቀመጫዋ መካከል ክፍት ስለ ሆነች፥ ነጂው በወንበር እንደ ተቀመጠ ሰው ሁለት እግሩን በወለሏ ላይ ያሳርፋል። ይህን አሠራር በዓለም ያስታወቀችው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1946 በኢጣልያ አገር፥ በፖንቴዴራ ከተማ የተሠራችው ቬስፓ ናት። ቬስፓ ማለት በኢጣልያንኛ ተርብ ማለት ሲሆን፥ መሐንዲሷ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ቀድሞ የአውሮፕላን ሥራ ዐዋቂ ነበር። በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በኤሌክትሪክ የምትሄድ ቬስፓ ስለ ተሠራች፥ ተርቢቱም ጩኸቷን ትታለች።

የመንጃ ፈቃድ ያላት ባለቤታችን በሞተር ሳይክላችን ላይ ከኋላ ተፈናጥጣ ትሄዳለች እንጂ ራሷ ነድታው አታውቅም። ቢጋደል ለማንሣት ይከብዳታል፤ ቀሚስ ለብሶም እግርን ማሻገር አይመችም። ስኩተሪቱን ግን በግቢያችን ጥቂት ከዞረችባት በኋላ ወደ ገበያ ሄዳ፥ ዘንቢሏን ከእግሯ አጠገብ አስቀምጣ ተመለሰች። «ያንተስ ፈረስ ነው፤ ይህች ግን በቅሎ ናት» አለችን። ነገሩ እውነት ነው። ፈረስ ለጦርና ለጉግስ ሲፈለግ፥ ለመንገድና ለጭነት፥ ለወይዛዝርትና ለካህናት የምትመረጠው በቅሎ ነበረችና። ስለዚህ ስኩተርን ፍጥነት የላትም ብሎ መንቀፍ፥ በቅሎን ስለ ጉግስ መውቀስ ነው።

አሁን ወደ ባትሪው እንሂድ። ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር አየር መሳብ ስላለበት፥ እንደ አዲስ አበባና እንደ አስመራ ባለ ከፍተኛ ቦታ ከጕልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ከፍታው አያደክመውም። ይሁን እንጂ ዳገት ባትሪውን ይበላል። ሰውና ስኩተር በአንድነት 200 ኪሎ ቢመዝኑ፥ ወደ እንጦጦ እንደሚያወጣው ዳገት ያለ የ600 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሲሶ ያስፈልጋል። ባትሪዋ 2 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ፥ ሌላው ብክነት ሳይቈጠር ስድስተኛው ክፍል ዐለቀ ማለት ነው። እንግዲህ ሻጩ «80 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች» ሲል፥ ገዥው «በየትኛው መንገድ? ስንት ኪሎ ተሸክማ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ባትሪዋ ከመቀመጫው ሥር ወጥቶ ወደ ቤት ስለሚገባ፥ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ጥቅሙ ታላቅ ነው። ነገር ግን በራሱ ቻርጀር ብቻ ይሞላ፤ ከአልጋ አጠገብና ከመውጫ በር ላይ አይቀመጥ፤ በጨርቅም አይሸፈን። ጐማዎቿ ትንንሾች ስለ ሆኑ ደግሞ፥ ሞተር ሳይክላችን ዘሎት የሚያልፈው ጕድጓድ እርስዋን ይጥላታል፤ በኮረኮንች መንገድ ቀስ ማለት ግዴታ ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን የልጆች ነገር ነው። ያ ሰፊና ክፍት ወለል ሕፃን ለማቆም የተሠራ ይመስላል፤ ብዙ ወላጆችም እንዲህ ሲያደርጉ እናያለን። ፍሬን በድንገት ሲያዝ ግን ልጁ ከመሪው ጋራ ይጋጫል፤ የወላጁም ክብደት ከኋላ ይጫነዋል። የስድስት ዓመት ልጃችን «እኔ እዚህ እቆማለሁ» ብላ ስትወጣ እናቷ ወዲያው አወረደቻት፤ ልጅቱም እስከ ማታ አለቀሰች። የአንድ ቀን ለቅሶዋ ከዕድሜ ልክ ለቅሶአችን ይሻላል። ድምፅ ስለሌላትም እግረኛ መምጣቷን አይሰማም፤ በተለይ ሽማግሌዎችና ልጆች ባሉበት አስቀድሞ ክላክስ ማሰማትና ፍጥነትን መቀነስ ይገባል።

ሞተር ሳይክላችንን አንሸጥም፤ ለረጅሙ መንገድ ይሻለናል። ለቤተ ሰብ አንድ ብቻ ይገዛ ቢባል ግን፥ አባትም እናትም የሚነዷትን ስኩተር እንመርጣለን። ለመግዛት የምታስቡ ሁሉ አስቀድማችሁ ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት ያለውን ርቀትና ዳገት ለኩ። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ፈቃድ የሌላቸውን ሞተር ሳይክሎች አግዳ ነበርና፥ የከተማችሁንም ደንብ ጠይቁ። በመጨረሻም ሄልሜት የሚባለውን የራስ ቍር ለነጂውም ለተፈናጣጩም ግዙ፤ ዋጋውንም ከስኩተሪቱ ዋጋ ጋራ አብራችሁ አስቡት።