«ፎርማት ይደረግ» ጥገና አይደለም

ኮድ የሚጻፍበት ኤዲተር ድንገት ይዘጋል፤ ፋይሉም አልከፈት ይላል። «ኮምፒውተር ያውቃል» የተባለ ሰው ይጠራል። መልሱ ከጥያቄው በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፦ «አጥፍተህ እንደገና ጫነው፤ እምቢ ካለ ፎርማት ይደረግ።»

ይህ ምክር ከስንፍናም አልፎ ንብረት አጥፊ ነው።

ማይክሮሶፍት ያወጣው ቪኤስ ኮድ ሴቭ ያልተደረገ ሥራን በራሱ ጊዜ ቅጂ ይይዛል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ደግሞ ፋይል ሴቭ በተደረገ ቁጥር የቀድሞውን መልክ ያስቀምጣል፤ «ታይምላይን» በሚለው ቦታ ተመልሶ ይገኛል። ዊንዶውስ ላይ ሁለቱም የሚቀመጡት አፕዳታ ውስጥ ባለው «ኮድ» በተባለ ፎልደር ነው። ፕሮግራሙን ማጥፋት ብቻውን ይህን ፎልደር አይነካም። «በደንብ እንዲጸዳ የቀረውንም ፎልደር ሰርዘው» የሚለው ምክር ግን ይነካዋል። ፎርማት ደግሞ ሁሉንም ይጠርጋል። ለማዳን የተጠራው ሰው የመጨረሻዋን ቅጂ በገዛ እጁ ይቀብራታል።

ፋይሉ ቢሄድም ብልሽቱ አብሮ ይሄዳል የሚል ካለ ተሳስቷል። ብዙ ጊዜ ኤዲተሩን የሚያንቀው ከውጭ የተጨመረ ኤክስቴንሽን ነው። ተጠቃሚው እንደገና ጭኖ፣ በአካውንቱ ገብቶ ማመሳሰያውን ሲከፍት ያው ኤክስቴንሽን ተመልሶ ይመጣል። በሽታው ከመድኃኒቱ ጋር ተጭኖ ገባ ማለት ነው።

ትክክለኛው መንገድ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ፋይሉንና ያንን ፎልደር ፍላሽ ላይ መገልበጥ። ቀጥሎ ኤዲተሩን ያለ ኤክስቴንሽን መክፈት። ያኔ ካልተዘጋ ጥፋተኛው ከኤክስቴንሽኖቹ አንዱ ነው። «ኤክስቴንሽን ባይሴክት» የሚባለው ትእዛዝ ግማሽ ግማሹን እያጠፋ ያጣራል፤ 30 ቢኖሩ 5 ዙር ያህል ይበቃል።

የፋይል ስህተትም ቢሆን ራሱ ይናገራል፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ። «ፈቃድ የለም» ካለ ተጠቃሚው እዚያ ቦታ ላይ የመጻፍ መብት የለውም። «ዲስኩ ላይ ያለው አዲስ ነው» ካለ ሌላ ፕሮግራም ወይም ሌላ ሰው ፋይሉን ቀይሮታል፤ «አወዳድር» እና «በላዩ ጻፍ» የሚሉ ምርጫዎችም ይቀርባሉ። ሳያወዳድር በላዩ የጻፈ ሰው የባልደረባውን ሥራ ደምስሶ ሲያበቃ «ኤዲተሩ በላው» ይላል። አማርኛው ሣጥን ሣጥን ሆኖ ከታየ ፎንት ጎድሏል፤ ፎንት ሲጫን ይስተካከላል። በአሮጌው አንሲ ሴቭ ተደርጎ ወደ ጥያቄ ምልክት ከተለወጠ ግን ፊደሉ ከፋይሉ ወጥቷል፤ ሺህ ፎንት ቢጫን አይመለስም። መድኃኒቱ አስቀድሞ በዩቲኤፍ-8 ሴቭ ማድረግ ነው።

«ደንበኛው ዛሬውኑ ይፈልገዋል፤ ለምርመራ ጊዜ የለም» ይባላል። ፎልደር መገልበጥ ግን ደቂቃዎች ይፈጃል፤ የጠፋ የመመረቂያ ፕሮጀክት እንደገና መጻፍ ወራት። መብራት ሳይታሰብ በሚሄድበት አገር ይህ የቅንጦት እውቀት አይደለም። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሲጠፋ ዲስክ ላይ በመጻፍ ላይ የነበረ ፋይል መጠኑ ሳይቀንስ ውስጡ ባዶ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ብዙ ወጣት ወደ ኮድ ጠርቷል። መልካም ነው። የሰርተፍኬት ቁጥር ግን ብቻውን ባለሙያ አያፈራም። ሙያ የሚለካው ነገር ሲበላሽ ነው፤ ምክንያቱን ሳይጠይቅ የሚያፈርስ ሰው ነገ የባንክና የሆስፒታል ሲስተም ሲቆምም የሚያውቀው ማፍረስ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ጥገና ቤቱም አሰልጣኙም ከማንኛውም እርምጃ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁ፦ «ፋይሉ ኮፒ ተደርጓል?» መልሱ «አልተደረገም» ከሆነ፣ እጅ ከኪቦርዱ ይነሳ።